ጆይስቲኩን ብሰጣት ትቀበለኝ ይሆን?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ሀዋሳ፣ አቱቴ አካባቢ፣ ከእናቴና ከ17 ዓመት ታናሽ እህቴ ጋር ነው። ነገሩ ለሰው ሲነገር ያስቃል። እኔን ግን አላሳቀኝም።

«ዘ ላስት ኦፍ አስ» የሚባለውን፣ ፈንገስ ሰውን ጭራቅ ባደረገበት ዓለም ጆኤል የተባለ ሰው ኤሊ የተባለች ልጅ ይዞ የሚጓዝበትን ጌም የተዋወቅኩት አባታችን ባረፈበት ዓመት ነው። ያኔ ፒያሳ አንድ ጌም ቤት ነበረች። ሁሉም ኳስ ነው የሚጫወተው፤ እኔ ግን ጥግ ላይ ያለውን ፕሌይስቴሽን 4 በሰዓት እየከፈልኩ ይህንን እጫወት ነበር። ሴቬን፣ ማለትም የደረስኩበትን መዝግቦ የሚያስቀምጠውን፣ ሁለት ጊዜ አጥፍተውብኝ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። በኋላ ሥራ ስይዝ ባጠራቀምኩት ብር ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ጌሙን፣ ሁለተኛውንም ጨምሮ፣ ስንት ጊዜ እንደጨረስኩት አላውቅም።

ተከታታይ ፊልም ሲሆን ደስ አላለኝም። ኤሊን ሆና የምትጫወተዋ ልጅ ኤሊን አትመስልም። እህቴ ደግሞ ጌሙን ነክታው አታውቅም። አንደኛውን ሲዝን በፍላሽ አስጭና በሁለት ቀን ጨረሰችው፤ በጣም ወደደችው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ይሄ እንዲህ አልነበረም፤ ይሄን ቆርጠውታል» እያልኩ አስቸግራት ነበር። ሁለተኛውን ሲዝን ልትጀምር ስትል «ዛሬ እንኳን ዝም ብለህ አታይም?» አለችኝ። ተናደድኩና «ምን ልታዪ ነው? ጆኤል እንደሆነ ይሞታል» አልኳት። ሪሞቱን አስቀምጣ ተነስታ ሄደች።

የባሰው ሌላው ነው። ወደ ሦስት መቶ ጌመሮች ያለንበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ አድሚኑ እኔ ነኝ። እዚያ ላይ በተዋናይዋ ፊት የሚያሾፍ ሚም ሠርቼ ለጠፍኩ። ብዙ ተሳቀ። እህቴ ለካ በሌላ ስም ግሩፑ ውስጥ አለች። ትምህርት ቤት «ግንባሯ» እየተባለ ሲቀለድባት እንደኖረች አውቃለሁ። ከግሩፑ ስትወጣ አንድ መልእክት ብቻ ላከችልኝ፦ «እኔም እኮ እሷን ነው የምመስለው።» ይኸው ወር አለፈን፤ ሰላምታችን እንኳ በእናታችን በኩል ነው። እናቴ «ምን አድርገሃት ነው?» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

የምወደው ነገር ሲበላሽ መናደዴ ጥፋት ነው? ጌሙን ራሷ እንድትጫወተው ብጋብዛት ይገባት ይሆን? ከግሩፑስ ልውጣ?

ወንድም ነኝ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ለእናትህ የምትመልሰው እንኳ ያን ያህል ከባድ አይደለም። «በመልኳ አሾፍኩባት» በላቸው። ጌም ምን እንደሆነ፣ ሲዝን ምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብህም፤ እናትህ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁሉም ይገባቸዋል። ደብዳቤህ ሁለት ጠብ አንድ ላይ ቋጥሮ ይዟል። ስለ ጌሙ ያለው ብዙ የሚያወያይ ነው፣ በከፊል እውነትም አለህ። ስለ ፊቷ ያለው ግን ክርክር የለውም። ሁለቱን ለየብቻ ካልፈታሃቸው ይቅርታህ መሃል ላይ ስለ ጌሙ ማውራት ትጀምራለህ፤ ያን ጊዜ ሌላ ወር ይጨመርብሃል።

(ሁለተኛውን ሲዝን ያላያችሁ አንባቢዎች፣ ጠያቂያችን ዋናውን ምስጢር ስላፈነዳው ከዚህ በታች የምደብቀው የለኝም። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፊቱ ልጀምር። ቤላ ራምሴ ለኤሊ መመረጧ የተነገረው በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ልክ አሁን እህትህ ባለችበት ዕድሜ። «አትመስልም» የሚለው ዘመቻ የተጀመረው የዚያኑ ሰሞን ሲሆን፣ ቀረጻው ገና አልተጀመረም ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ሳቅ ስለ ትወናዋ ሊሆን አይችልም፤ ገና አልተወነችማ! የቀረው ፊቷ ብቻ ነው። አንተ የለጠፍከው ሚም ከዚያ ሰልፍ መጨረሻ ላይ የተሰለፈ ነው። እህትህም ስታየው የተሰማት የሩቅ አገር ተዋናይ ጉዳይ ሳይሆን ትምህርት ቤት የምትሰማው ድምፅ በወንድሟ አፍ ሲመጣ ነው።

ነገሩ በቀልድ ብቻ የማይቆም መሆኑንም ሳታውቅ አትቀርም። ሁለተኛው ጌም በ2020 ሲወጣ፣ ጆኤልን ለምትገድለው ለአቢ ድምፅ የሰጠችው ሎራ ቤይሊ ገጸ ባሕሪዋ ባደረገችው ነገር የተነሳ የግድያ ዛቻ ደርሷታል። ድርሰቱን የጻፈች ይመስል! አንተ እንደዚያ ነህ ማለቴ አይደለም። ግን ሦስት መቶ ሰው ያለበት ቤት አድሚን ሲያሾፍ፣ ከኋላው የሚመጣው ሰው ከእሱ አንድ እርምጃ አልፎ እንደሚሄድ በግሩፕህ ሳታየው አልቀረህም።

እንግዲህ ይቅርታውን እንዴት? በቴሌግራም አትጻፍላት፤ ቁስሉ የመጣው ከዚያው ነው። ሳሎን ውስጥ እናታችሁ ባሉበትም አይሁን፤ እሳቸውን ላለማስከፋት ብላ «ምንም አይደል» ትልህና ነገሩ ሳይነሳ ይቀበራል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ለዓይን መተያየትም ለኩርፊያ አይመችም። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ይቀላል። ዓሣ ለመግዛት ወደ አሞራ ገደል የምትወርዱበት ጠዋት ካለ እሱ ጥሩ ነው፤ አባ ኮዳዎቹን እያየች ዝም ብትልህ እንኳ ዝምታው አያስጨንቅም። የምትለው አጭር ይሁን፦ «በዚያች ልጅ ፊት ያሾፍኩት ነውር ነበር። አንቺ ላይ ምን ሲሉ እንደኖሩ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። አጥፍቼዋለሁ።» ማጥፋቱ ከዚህ በፊት መፈጸም አለበት፤ አድሚን ስለሆንክ ከሁሉም ሰው ላይ ይጠፋልሃል፤ ፎርዋርድ ያደረጉት ጋ ያለው ግን ይቀራል፣ እሱንም አትደብቃት።

ሁለት ነገር አትበል። አንደኛው «ቀልድ እኮ ነው»። ሁለተኛው፣ ይኼኛው ደግ ይመስላል፣ «አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ» ነው። እንዲህ ስትላት ወሬውን ተመልሰህ ፊቷ ላይ ታሳርፈዋለህ፤ እሷ ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ ስለ ፊቷ ባይወራ ነው የምትፈልገው። «ግን» የምትለዋም ቃል ቤት ትቅር።

ስለ ጆኤል መሞት የነገርካት ለብቻው ይቅርታ ይገባዋል። ደብዳቤህን ስታነብበው፣ ጌሙን መጫወት የጀመርክበትን ዓመት በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሰህ ማለፍህን አስተውለህ ይሆን? አባታችሁ ባረፉበት ዓመት አንተ የምትሄድበት ጥግ ነበረህ። ልጁን ያጣ አባት፣ አባት የሌላትን ልጅ ይዞ አገር የሚያቋርጥበትን ታሪክ ጆይስቲክ ይዘህ በሰዓት እየከፈልክ አሳለፍከው። እህትህ ያኔ የስንት ዓመት ልጅ ነበረች? የት ነበር የምትውለው? አሁን ያንን ጥግ ከዓመታት በኋላ በራሷ መንገድ ስታገኘው፣ ልትጀምር ስትል፣ አባትየው እንደሚሞት በንዴት ነገርካት። ሪሞቱን አስቀምጣ የተነሳችው ፊልሙ ስለተበላሸባት ብቻ አይመስለኝም። አንተስ ምን ይመስልሃል?

አሁን ወደ ንዴትህ። አይደለም፣ መናደድህ ጥፋት አይደለም። በጌምና በፊልም መካከል ያለውን ልዩነት ለአንተ ከመንገር ለእህትህ መንገር ይከብዳል፤ አንተ በእጅህ ታውቀዋለህና። የመጀመሪያውን ጌም መጨረሻ አስበው፤ ሆስፒታሉ፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል። ሐኪሙ ለመድኃኒት ብሎ ኤሊን የሚገድል ቀዶ ጥገና ሊጀምር ምላጩን ይዞ ፊቷ ቆሟል። ጆይስቲኩን አስቀምጠህ ቡና አፍልተህ ብትመለስ እዚያው ቆሞ ታገኘዋለህ። ጌሙ አይንቀሳቀስም። ካልገደልከው ታሪኩ አይቀጥልም፤ ሌላ መንገድ አልተሠራለትም። ጣትህ ትጫነዋለች። በፊልሙ የአንደኛው ሲዝን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ግን ጆኤል ገብቶ ወዲያው ይተኩሳል፤ ተመልካቹ ያየዋል፣ ይፈርድበታል ወይም ያዝንለታል፣ በቃ። አንተ ያደረግከውን እህትህ አይታዋለች። ሳሎን ውስጥ «እንዲህ አልነበረም» ስትላት የምታወራው ስለ ራስህ እጅ ነበር፤ እሷ የምትሰማው ደግሞ ስለ ፊልሙ ሙያ የሚሰጥ ትችት ነው። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፣ አልተገናኛችሁም እንጂ።

ይህንን ከያዝክ የፊልሙ ለውጦች ብዙዎቹ ምክንያታቸው ይታይሃል። የጌሙ ወረርሽኝ በ2013 ተነስቶ ዋናው ታሪክ ከ20 ዓመት በኋላ ነው፤ ፊልሙ መነሻውን ወደ 2003 ስለሳበው ዋናው ታሪክ በወጣበት ዓመት፣ በ2023፣ ላይ ይወድቃል። በአየር የሚበተነውን የፈንገስ ብናኝ በአንደኛው ሲዝን ያስቀሩት ተዋናዮቹ ጭንብል ለብሰው ፊታቸው ተሸፍኖ እንዳይከርም ነው፤ በጌም ጭንብሉ አያስቸግርም፣ የምታየው ከገጸ ባሕሪው ጀርባ ሆነህ ነውና። ፒትስበርግ ካንሳስ ሲቲ ሆናለች። እነዚህ ላይ ጠብ ማንሳት ጉልበት ማባከን ነው። እንዲያውም የጌሙ ዋና ጸሐፊ ኒል ድራክማን ከክሬግ ሜዚን ጋር ተከታታዩን የፈጠረው ራሱ ነው።

እውነት አለህ የምልህ ቦታም አለ። አቢ የዚያ ሐኪም ልጅ መሆኗን ሁለተኛው ጌም ለብዙ ሰዓታት ይደብቅሃል። ጠልተሃት፣ አሳደህ ልትገድላት ስትደርስ፣ ጌሙ ግማሽ ላይ ጆይስቲኩን አዙሮ እሷን ያደርግሃል፤ አባቷን ከነሕይወቱ የምታገኘው ያን ጊዜ ነው። ፊልሙ ይህን በሁለተኛው ሲዝን የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች አውጥቶ ጨርሶታል። ምክንያት አላቸው፤ ተመልካች አቢን ሆኖ መጫወት አይችልም፣ ምስጢሩን ለሚቀጥለው ሲዝን ማቆየትም ዓመታት ማስጠበቅ ነው። ቢሆንም የጠፋው ነገር ጠፍቷል። ጆኤልና ኤሊ በረንዳ ላይ የሚነጋገሩባትንም ትዕይንት ጌሙ ለመጨረሻ አስቀምጦ ነበር፤ ፊልሙ በስድስተኛው ክፍል አወጣት። ደግሞም ሁለተኛው ሲዝን ሰባት ክፍል ብቻ መሆኑ ያስታውቃል፤ ይሮጣል። ይህን ሁሉ መናገር ትችላለህ፤ እህትህም፣ ፊት የሌለበት ወሬ ከሆነ፣ ልትሰማህ የምትችል ይመስለኛል። ደግሞ አንድ የምትወደው ነገር ልስጥህ፦ የጌሙ ኤሊ፣ አሽሊ ጆንሰን፣ በዘጠነኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ የኤሊ እናት ሆና ቢላ ይዛ እየታገለች ትወልዳታለች። የድሮዋ ኤሊ አዲሷን ወለደቻት። ጌሙን ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ትዕይንት ነው። እህትህም ላታውቀው ስለምትችል፣ ስትታረቁ የምትነግራት ይህንን ይሁን።

ከግሩፑ መውጣት አያስፈልግህም፤ ሚሙን ሰቅለህ ብትወጣ ሽሽት ይሆናል። አጥፋው፣ «በሰው ፊት ያሾፍኩት ትክክል አልነበረም፤ ከዛሬ ጀምሮ ታሪኩን፣ ትወናውን፣ አቆራረጡን እንተቻለን፣ መልክ ላይ የሚመጣ ይሰረዛል» ብለህ ጻፍና ፒን አድርገው። እህትህን አታንሳ፤ ማን እንደሆነች መፈለግ ይጀምራሉ። ለስፖይለር፣ ታሪኩን ቀድሞ ለሚያፈነዳ ወሬ፣ ደግሞ ቴሌግራም ራሱ መላ አለው፦ ጽሑፉን መርጠህ ፎርማት ከሚለው ውስጥ ስፖይለር የሚለውን ስትነካ ይሸፈናል፣ የፈለገ ነክቶ ያነበዋል። ፎቶም እንዲሁ ይሸፈናል። ሰው የሚረሳው ከፎቶው ሥር የሚጽፈውን መሸፈን ነው፤ ፎቶው ተሸፍኖ «ጆኤል ሲሞት» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዲስ ክፍል በሚወጣበት ሌሊት ስሎው ሞድ ክፈትና የመልእክት ክፍተቱን አምስት ደቂቃ አድርገው። ስድብ በአብዛኛው የሚመጣው በመጀመሪያው ሰዓት፣ መልስ በመልስ ላይ ሲደራረብ ነው።

ጌሙን መጋበዝ ያልከው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጊዜው ግን ይቅርታው ካለፈ በኋላ ነው፣ በዚያው ቀን አይሁን። በዚያው ቀን ካደረግከው «እንዲገባሽ» ብለህ ልታሳምናት የመጣህ ይመስላል። ጥቂት ቀን ቆይተህ ጠይቃት። ጌሙ በአሜሪካ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የተመደበ፣ ደም የበዛበት መሆኑን እናትህም ይወቁት።

እሺ ካለችህ በአንተ ፕሮፋይል አታስጀምራት። ፕሌይስቴሽን 4 ሴቭ የሚያስቀምጠው በየተጠቃሚው ስለሆነ አዲስ ዩዘር ክፈትላት፤ የአንተም አይነካ፣ የእሷንም ማንም አያጠፋባት። ሴቭ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ካንተ በላይ ማን ያውቃል! ጌሙ በዲስክ ከሆነ ወዲያው ይከፈትላታል። ገዝተህ ያወረድከው ከሆነ ግን ኮንሶሉ የአንተ አካውንት ፕራይመሪ ተብሎ ካልተመዘገበ በእሷ በኩል ቁልፍ ምልክት ያሳይና አይከፍትም፤ ሴቲንግ ውስጥ አካውንት ማኔጅመንት ገብተህ ቀድመህ አስተካክለው። ችግሩ እሷ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ቢገጥምህ ምሽቱ በዚያው ያልቃል።

ደረጃውን ኢዚ ላይ አድርገው። «ኖርማል ይሻላል፣ ኢዚ ጣዕም የለውም» የሚለውን የጌም ቤት ወግ እርሳው። ሰብታይትሉን ክፈት፤ ኮንትሮል ውስጥ ገብተህ የካሜራውን ፍጥነት ቀንሰው። አዲስ ተጫዋች የሚሰናከለው በቀኝ አውራ ጣቱ ነው፤ በግራው ይሄዳል፣ በቀኙ ማየት ይረሳና ጣሪያ ወይም ወለል እያየ ግድግዳ ይገፋል። ለግማሽ ሰዓት እንዲህ ትሆናለች። አትሳቅ፤ በተለይ አንተ አትሳቅ። ጆይስቲኩንም «አንዴ ላሳይሽ» ብለህ ከእጇ አትውሰድ። ክሊከሮቹ፣ ፈንገሱ ያወራቸው ጭራቆች፣ ጋ ስትደርስ አንድ ነገር ብቻ ንገራት፦ አያዩም፣ ይሰማሉ፤ ክቧን ተጭነሽ ጎንበስ በዪ፣ ስቲኩን በቀስታ ግፊው፣ አር 1 ስትይዢ ያሉበት ይታይሻል። አንዴ ከያዟት ሞት ነው፤ ስትሞት ጨዋታው ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሳታል እንጂ ብዙ አያስጀምራትም። ሰው ጌሙን ጥሎ የሚነሳው ብዙ ጊዜ የሆቴሉ ምድር ቤት ላይ ነው፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ በድምፁ ይሰበሰቡባታል። እዚያ ስትደርስ መብራት ክፈት፣ አጠገቧ ሁን። ቤታችሁ መብራት በድንገት የሚጠፋ ከሆነም በየጊዜው ፖዝ አድርጋ ሴቭ ማድረግ ትልመድ፤ ኮንሶሉ በዚህ መንገድ ሲዘጋ ሲነሳ ሃርድ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል፣ ደጋግሞ ከሆነ ፋይል ይበላል።

አንድ ምሽት ጌም፣ አንድ ምሽት ያንኑ ቦታ በፊልም ማየት ይመቻል። በሦስተኛው ክፍል አትገረም፤ በጌሙ የመኪና ባትሪ ፍለጋ የሆነው በፊልሙ ሌላ ታሪክ ሆኗል። ሆስፒታሉ ጋ ስትደርስ ምንም አትበላት። ሐኪሙ ቆሞ ይጠብቅ፤ እሷም የፈለገችውን ያህል ትቁም። ዞራ ካየችህ፣ «ሌላ መንገድ የለውም» ማለት ትችላለህ።

ከሁሉ በፊት ግን መጀመሪያውን አስብበት። ጌሙ ሲከፈት በእጇ የሚገባው ጆኤል አይደለም፣ ልጁ ሣራ ናት። ሌሊት ከእንቅልፏ ትነሳለች፤ ቤቱ ጭር ብሏል። እህትህ ስቲኩን እየገፋች አባቷን እየጠራች ከክፍል ክፍል ትዞራለች። ጠላት የለም፣ ውጊያ የለም፣ መፈለግ ብቻ ነው። አንተም በዚያ ዓመት፣ ሴቭህ በጠፋ ቁጥር፣ ያንን ቤት እንደገና ዞረኸዋል። ምን እንደሚመጣ ከመጀመሯ በፊት ንገራትና ከፈለገች አንተ ተጫወተው፣ እሷ ትየው። ካልፈለገች ጭራሽ ይቅር፣ ሁለተኛ አትጠይቃት። ከፈለገች ደግሞ አዲሱን ዩዘር ስትከፍት ስም አስገባ የሚለው ላይ ቁምና ጆይስቲኩን ስጣት፤ ግሩፑ ውስጥ የነበረችበትን የሽፋን ስምም ትጻፍ፣ የራሷንም፣ እሷ ትሙላው።